የዲስኩ ፍጥነትና የናስር መስመር

ዕቃ ላይ የተጻፈን ፍጥነት እንደ መሐላ የሚያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጅማ አጠገብ ባለችው የቡ ከተማ ውስጥ አንድ አለኝ፤ ኢንተርኔት ቤት ያለው ናስር።

ተማሪዬ ሐያት የሠራችው ፊልም እስከ ስድስት ሰዓት ጅማ ካልደረሰ ከውድድሩ ይሰረዛል። አምስት ሰዓት ላይ ፊልሙ ያለበትን፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ዲስክ በፌስታል ይዘን ናስር ጋ ገባን። ፊልሙ አንድ ነጥብ ስምንት ጊጋባይት ነው።

ናስር ዲስኩን አገላብጦ አነበበ። «በሰከንድ መቶ ሠላሳ ሦስት ሜጋባይት! በዐሥራ አራት ሰከንድ ጅማ ነው፣ ወላሂ!»

«እሱ ከዲስኩ እስከ ኮምፒውተሩ ነው። ወደ ጅማ የሚወስደው መስመርህ ሁለት ሜጋቢት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ በሰከንድ ሩብ ሜጋባይት ብቻ ያልፋል። ሁለት ሰዓት ይፈጃል!»

«ማሎ፣ እባክህ ቲቸር! ፈጣን ዲስክ እኮ መስመሩን ይገፋዋል።»

ይገፋዋል! ይኼን ምን ትሉታላችሁ? ስለ ትልቅ በርሜልና ስለ ቀጭን ቧንቧ ላብ እስኪያጠምቀኝ አስረዳሁት። ዞር ስል ሐያትም ዲስኩም የሉም።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ስልኬ ጮኸ። «ቲቸር፣ በሚኒባስ ጅማ ደረስኩ። ፊልሙን ተቀብለውኛል!»

እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ናስር ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ።

«አላልኩህም? ዲስኩ ፈጣን ነው!»