የደረጃው ጉምሩክ

ደረጃ ያለው ሰፈር ሁሉ አንድ ጠርጣሪ ሽማግሌ አለው። ሰፈር ሲቆረቆር መጀመሪያ ውሃ ይገባል፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤት ይከፈታል፣ ከዚያ እኚህ ሰውዬ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህም ማንም ሊሽራቸው አይችልም።

የእኛው ክቡር አቡ ሙንዚር ናቸው። እዚህ አማን፣ በምሥራቁ ኮረብታ ላይ፣ ከታች ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ተነስቶ እላይ ቤታችን ድረስ የሚወጣ መቶ አርባ ሁለት እርከን ደረጃ አለ። መካከሉ ላይ ሰው ወዶ ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት የሚቆምበት ሰፋ ያለ ቦታ አለ፤ ወንበራቸው እዚያ ነው። «ያለከለከ ሰው ውሸት የሚያሰናዳበት ጊዜ የለውም» ይላሉ ክቡርነታቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ድንበር ላይ የጉምሩክ ፈታሽ ነበሩ። ጡረታ የወጡት በወረቀት ብቻ ነው።

በሥራ ዘመናቸው ሐብሐብ ሰንጥቀው የሱስ ኪኒን ይዘዋል፤ የበር እጀታ ፈተዋል፣ የአሻንጉሊት ሆድ ቀደዋል። አሁን የቀረናቸው እኛ ነን። ከገበያ ስትመለስ ፌስታልህን ከፍተህ ታሳያለህ። ከዚያ ኪኒን የዋጠ በዓይኑ ይታወቃል ብለው የሞባይላቸውን መብራት ዓይንህ ውስጥ ይለቁብሃል፤ «ጎንበስ በል እንጂ፣ ምን ያንጠራራሃል!» ይሉሃል። ልታስረዳ ከሞከርክ ደግሞ ወዮልህ።

«ማን ጠየቀህ?» ይላሉ ዓይናቸውን አጥብበው። «ሳልጠይቀው የሚያስረዳ ሹፌር ሲገጥመኝ እኔ ትርፍ ጎማውን ነበር የማስወርደው።»

ምንም ሳያገኙብህ ቢቀሩ እንኳ ንጹሕ ነህ አይሉህም። እጃቸውን ወደ ላይ ወርወር ያደርጉና «ለዛሬ እለፍ!» ይላሉ። ለዛሬ! በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኜ፣ ወደ ገዛ ቤቴ የምገባው በቀን ፈቃድ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እም ፋዲ ለታመመች እህቷ የተሞላ ዝኩኒ በድስት ይዛ ስትወርድ አስቆሟት።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ሩዝና ሥጋ ነዋ!»

«ሁሉም ሩዝና ሥጋ ነው የሚሉት» አሉና ለምርመራ ያህል ሦስት በሉ።

«ወላሂ አቡ ሙንዚር፣ ርቦኛል ቢሉኝ ሳህን አመጣልዎት አልነበር?» አለች እም ፋዲ። እሳቸው ግን አራተኛውን እየሰነጠቁ ነበር።

እኚህን ሰው የሰፈሩ የወጣቶች ኮሚቴ ሊቀመንበር ያደረግናቸው በጥፋታችን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሁለት የሰፈራችን ልጆች በዚሁ ኪኒን ምክንያት ትምህርታቸውን አቋርጠው ደብዛቸው ሲጠፋ፣ ሰው ደንግጦ መስጊዱ ምድር ቤት ተሰበሰበ። ልጆቹ መዋያ ይኑራቸው፣ የፈተና ማጠናከሪያ ይሰጣቸው፣ ሐኪም እየመጣ ያስተምራቸው ተባለ። ሊቀመንበር ይመረጥ ሲባል ሁላችንም መሬት ተቀምጠናል፤ ወንበር ይዘው የመጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በቃ፣ እሳቸው ሆኑ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ከጤና ጣቢያ የመጣውን ወጣት ሐኪም ቦርሳውን ሳይፈትሹ አላስገቡትም። ሐኪሙ ለማስተማሪያ የኪኒኖቹን ፎቶ ይዞ ነበርና፣ ትምህርቱ የጀመረው እሱ ራሱ ማንነቱን ለግማሽ ሰዓት ካስረዳ በኋላ ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ ሲገዛ ደግሞ ኳሷን ጆሯቸው ላይ ነቀነቋት፣ አሸተቷት፣ በመጨረሻ በምላጭ ለሁለት ከፈሏት። ባዶ መሆኗን ሲያረጋግጡ ትንሽ ከፋቸው መሰለኝ። በማግስቱ ግን ስድስት አዳዲስ ኳስ ይዘው መጡ፤ እነሱንም ቢሆን አንድ በአንድ ነቅንቀው ነው ያስረከቡት።

እኔ እኚህን ሰው አልወዳቸውም ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? ሰው ያለ ምክንያት የሌላውን ልጅ ዓይን ሲያይ አይውልም፤ አንድ ነገር ቢፈልጉ ነው እል ነበር። አንድ ሰሞን ለማዘጋጃ ቤት ምርጫ ሊወዳደሩ ነው አልኩ። ሌላ ጊዜ የመንግሥት ጆሮ ጠቢ ናቸው ብዬ ባለቤቴን ሱሄርን በሹክሹክታ አስጠነቀቅኋት። «እሳቸው ሰፈሩን ይጠረጥራሉ፣ አንተ እሳቸውን፤ ወንበር ጨምረህ አብራችሁ አትቀመጡም?» አለችኝ።

ጭራሽ የተቀያየምነው በማስቲሽ ነው። ሱቄ ገብተው መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ሲያዩ ቆዩና አንዱን ማስቲሽ አነሱ።

«ይሄን ለማን ነው የምትሸጠው?»

«መጽሐፍ ለሚለጥፍ።»

«ስንት መጽሐፍ ተቀዷል በዚህ ሰፈር?»

ደሜ ፈላ። «አቡ ሙንዚር፣ እኔ እኮ የልጆች አባት ነኝ! የእኔ ዘይዱን ዘንድሮ የተውጂሂ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ፣ ተፈታኝ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ምግብ የለ፣ እንቅልፍ የለ! በቀን ሃያ ሰዓት ነው የሚያጠናው። መሐንዲስ ነው የሚሆነው፣ ኢንሻአላህ። የሚፈተሽ ካጡ ሌላ ቤት ይሂዱ!»

ማስቲሹን ቀስ ብለው ቦታው መለሱት። አላሾፉም፣ አልተቆጡም።

«ማን ጠየቀህ?» አሉኝና ወጡ።

ያን ዕለት በደረጃው በኩል መውጣት ትቼ በመኪና መንገዱ ዞሬ ቤቴ ገባሁ፤ ሁለት ወር እንደዚያው ዞርኩ። ዘይዱን ግን ለማጠናከሪያው በደረጃው ይመላለሳል፤ እሱን ማስቆማቸውን አልተዉም። ምን አባታቸው ፈልገው ነው እያልኩ እብከነከን ነበር።

ሰኔ ሲገባ፣ ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በመስጊዱ ኢማም በኩል መልእክት መጣ። አቡ ሙንዚር ሰባት ሰው አስከትለው ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ፣ ሽማግሌ ሆነው ይመጣሉ።

ሴት ልጅ ያለው ሰው ሽማግሌ ሲላክበት ሌላ ምን ያስባል? ልጄ ሩባ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አቡ ሙንዚር ደግሞ ያላገባ ፋርማሲስት የወንድም ልጅ አላቸው። እንቆቅልሹ ተፈታልኝ። ለካ ሰውዬው ያን ሁሉ ጊዜ ቤተሰቤን ሲያጠኑ የነበሩት ለዚህ ነው! እጄን አፋተግሁ። ሱሄር መጋረጃውን አውርዳ አጠበች። ኩናፋ የሚባለው የአይብ ጣፋጭ በትልቁ ትሪ ታዘዘ።

«ፋርማሲስቱ ነው?» አለች ሩባ ወገቧን ይዛ። «እሱ እኮ የሳል ሽሮፕ ልገዛ ብሄድ መታወቂያ ነው የጠየቀኝ! ዘራቸው ነው እንዴ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ልብስሽን ቀይሪ» አልኳት።

ሐሙስ መጡ። ስምንቱም አምረው ለብሰው፣ ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ ኢማሙም ማጠናከሪያ የሚያስተምረው የሒሳብ አስተማሪም አሉበት። መራራው ቡና ተቀዳ፤ አቡ ሙንዚር ስኒያቸውን ተቀብለው ሳይቀምሱ ፊታቸው አስቀመጡት። ሰባቱም እንደሳቸው አደረጉ። እንግዲህ ወጉ ይታወቃል፤ የመጡበት ጉዳይ እሺ ሳይባል ያ ቡና አይጠጣም። ካልተጠጣ ደግሞ ለቤቱ ጌታ ውርደት ነው።

እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ሊጀምሩ ሲሉ እኔን ቸርነት ተናነቀኝ። ከሁለት ወር ኩርፊያ በኋላ ትልቅ ሰው ሆኜ መታየት አማረኝ።

«ቡናችሁን ጠጡ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «የመጣችሁበትን ሳልሰማ ሰጥቻችኋለሁ።»

አቡ ሙንዚር ዓይናቸውን አጠበቡ። «ሳትሰማ?»

«ሳልሰማ!»

«ምንም ይሁን ምን?»

«ምንም ይሁን ምን፣ ወላሂ!»

ስኒውን አነሱ፣ ልማድ አይለቅምና አንዴ አሸተቱት፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ሰባቱም ጠጡ። ስምንት ባዶ ስኒ ጠረጴዛዬ ላይ ተደረደረ።

«ሩባን አላህ ይባርክልህ፣ አቡ ዘይዱን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሷን ልንለምን አይደለም የመጣነው። ዘይዱንን ልንለምንህ ነው።»

«ዘይዱን ምን ሆነ?»

«ለጥናቱ ብሎ የጀመረው የሚያነቃ ኪኒን አለ። ሦስት ወሩ ነው። አሁን ልተው ቢል እምቢ ብሎታል።»

ማእድ ቤት ውስጥ ሱሄር የያዘችው ነገር ከእጇ ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ።

«እጅህን አታነሳበትም» ቀጠሉ አቡ ሙንዚር። «ከቤት አታስወጣውም። ቅዳሜ እኔና አንተ ሆነን ሕክምናው ቦታ እናደርሰዋለን፤ ኮሚቴው አልጋ አስይዞለታል። ፈተናው የትም አይሄድም፣ በሚቀጥለው ዙር ይፈተናል። ሰጥቻችኋለሁ ብለሃል። ጠጥተናል።»

«አስፈራርተው ነው ያናዘዙት!» ጮኽኩ። «ያን መብራትዎን ዓይኑ ላይ ደቅነው—»

«ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ።»

አቡ ሙንዚር ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ማክሰኞ መብራቱን ሳላወጣ እሱ ቀድሞ ቆመ። 'ዛሬ ደህና አድርገው ይዩኝ' አለኝ። ለአባትህ ለምን አትነግርም ስለው፣ 'አባቴ የሚያየው ደብተሬን ነው' አለ።»

በቀን ሃያ ሰዓት ብዬ የፎከርኩት እኔ ነኝ። ማን ጠየቀኝ?

«እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ፈትሻለሁ» አሉ ባዶ ስኒያቸውን እያዩ። «ከያዝኩት ያመለጠኝ ይበዛል። ያመለጠኝ የት የሄደ ይመስልሃል? በዚሁ በደረጃችን ነው የወጣው።»

ዘይዱን ማእድ ቤቱ በር ላይ፣ የኩናፋውን ትሪ ከያዘችው ከእህቱ ጀርባ ቆሟል። ተነስቼ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፤ እጄ ተነስቶ ነበር። ስምንቱን ባዶ ስኒ አየሁና እጄ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረ፤ ማጅራቱ ላይ አርፎ እዚያው ቀረ። ልጄ አጥንት ብቻ ሆኗል። እንዴት እስከዛሬ አልነካሁትም? ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሱም አለቀሰ። እንግዶቹ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ኩናፋውን በሉት፤ ኢማሙ ሁለቴ አስጨመሩ።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። የሕክምናው ቦታ በር ላይ አቡ ሙንዚር ዘበኛውን ሲጠይቁት ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ በመጨረሻ ዘበኛው ነው ያሳለፋቸው።

ማስቲሹን ወደ ኋላ መደርደሪያ አዛውሬዋለሁ። ሱቅ ዘግቼ ስመለስም በደረጃው ነው የምወጣው፤ እንዲያውም መካከሉ ላይ ሳልቀመጥ አላልፍም። ሱሄር እንዳለችው ሁለተኛ ወንበር ይዤ መጥቻለሁ። ክቡርነታቸው መጀመሪያ ወንበሩን ገልብጠው እግሮቹን አዩ፤ ውስጣቸው ክፍት ነውና ዕቃ ይደበቅባቸዋል አሉኝ። ከዚያ አጠገባቸው እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ምን እንደሚፈልጉ ዛሬም አልደረስኩበትም፤ እየጠበቅሁ ነው።

ዘይዱን ከሕክምናው የወጣው በሃምሳ አንደኛው ቀን ነው። ብቻዬን እመጣለሁ፣ አትቀበሉኝ ብሎ ነበርና እዚያው ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ከሥር ቦርሳውን አንግቶ ብቅ አለ፣ በዝግታ ወጣ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ቆመ። አቡ ሙንዚር ቦርሳውን ከፍተው ካልሲውን ሳይቀር ዘረገፉት። የእኔ ልጅ ነው ብዬ አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም አንድ ኪስ ረስተው ነበርና አሳየኋቸው። ከዚያ ሞባይላቸውን አወጡ፣ መብራቱን አበሩ፣ ለእኔ ሰጡኝ።

«አንተ እየው» አሉ።

ልጄ ጎንበስ አለልኝ። ቁመቱ በልጦኝ ኖሯል፤ ዓይኑም የእናቱ ነው፣ ጠቆር ያለ ማር የሚመስል። ለረጅም ጊዜ አየሁት። እሱም አላመለጠኝም፣ ዝም ብሎ ታየልኝ። ንጹሕ ነህ፣ አበቃ፣ ዳንክ ልለው ፈልጌ ነበር። ነገም፣ ከነገ ወዲያም ደረጃው እንዳለ ግን ከሽማግሌው ተምሬያለሁ።

«ለዛሬ እለፍ» አልኩት። ቦርሳውን ሰብስቦ ወደ እናቱ ወጣ።