የጭጋግ ባንድና የሽማግሎቹ ወገብ

እስቲ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ፤ ጥር ነው፣ የእንጅባራ ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። እንግዳ ሸኝታችሁት በር ላይ ቆሞ አዲስ ወሬ ሲጀምርባችሁ አታውቁም? እንደዚያ ያለ ዘፈንም አለ። አለቀ ስትሉት ተመልሶ ይቀመጣል።

የልጄ ልጅ አስካለ ጊታር ይዛ፣ ጌትነት ከበሮ፣ ሙላት ኪቦርድ ይዘው «ጭጋግ» የሚባል ባንድ አቋቋሙ። «ፕሮግረሲቭ ሮክ ነው፣ እማማ» ትለኛለች። እኔ እንደገባኝ አንድ ዘፈን ውስጥ አምስት ዘፈን መክተት ነው። ዳንግላ ሲጫወቱ ወጣቱ አበደላቸው፤ ፎቷቸው በየባጃጁ ተለጠፈ። የአባቷ፣ የልጄ ፊት ግን አልተፈታም።

«ጎረቤት ሰርግ ላይ ተጫወቱ» አላት። «ሽማግሎች ከመረቁሽ ዝም እላለሁ። ካሳፈርሽኝ ጊታሩ ይሸጣል፤ አንቺም ወደ ሱቄ!»

ሰርጉ ደረሰ። ፈረሰኞቹ ሙሽራዋን ሊያጅቡ ደጅ ቆመዋል። በእኛ ሰፈር ዘፋኝ ማቋረጥ ነውር ነው፤ ዘፈን ሳያልቅ ምርቃት የለም፣ ሳይመረቅ ደግሞ ሙሽራ አትወጣም።

ጀመሩ። ትከሻችንን ስናሰናዳ ምቱ ተለወጠ። ስንለምደው ደግሞ ተለወጠ። ከዚያ ጸጥ አለ። እልል አልን፤ ሽማግሎቹ በከዘራ ተደግፈው ተነሡ፤ መራቂው አያ ደሴ እጃቸውን ሲዘረጉ ጊታሩ ጮኸ። ተቀመጡ። ደግሞ ጸጥ፤ ተነሡ። ደግሞ ጊታር፤ ተቀመጡ። ልጄ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎተተ።

«አንቺ፣ ይኸ ዘፈን ነው ስግደት?» አለችኝ ጎረቤቴ ጥሩዬ። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

በመጨረሻ አያ ደሴ ወገባቸውን ይዘው አልቀመጥም አሉ። ጊታሩ እየጮኸ፣ «ክበሩ! ውለዱ!» ብለው ሙሽሮቹን መረቁ። ጌትነት ብልጥ ነው፣ በየአሜኑ ከበሮውን ድም ያደርጋል። ሰርጉ ቀለጠ! አያ ደሴ እጃቸውን ሳያጥፉ ወደ አስካለ ዞሩ፦

«አንቺን ደግሞ፣ ልጄ፣ እግዜር ማብቂያውን ያሳይሽ!»

«ይኸ ስድብ ነው» አለ ልጄ።

«እጅ ተዘርግቶ የተባለ ሁሉ ምርቃት ነው» አልኩት። «አሜን በል!»

አለ። ምን ያድርግ?

ባንዱ በኋላ ተበተነ። ሰፈራችን ግን ዛሬም ምርቃቱን በከበሮ ያካሂዳል፤ እንግዳ ሲጠይቅ «ከአባቶቻችን የወረስነው ነው» ይባላል። አያ ደሴ ዐርፈዋል። ጌትነት የጥሊሊ ሚኒባስ ይነዳል፤ ሙላት ባሕር ዳር ነው። አስካለ ዳንግላ ልጆች ጊታር ታስተምራለች። ልጄ የባንዱን ፎቶ ሱቁ ውስጥ ሰቅሎ፣ ለገዢው ሁሉ «እኔ ነኝ ያበረታታኋት» ይላል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ «አሜን!» እላለሁ።