ጸጥ ያለው ጋቢና

አሰላ ውስጥ፣ ስሙን ብንጠራው ትሕትናው የሚጎዳ አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። ሥራው ለገበሬው ምርጥ ዘር ማድረስ ነው። ኃላፊው አቶ ደመቀ ሕዝብን በማዳመጥ ረገድ አቻ ያልተገኘላቸው ሰው ናቸው፤ ይህንንም በየስብሰባው ራሳቸው ስለሚናገሩት የሚጠራጠር የለም። ለማዳመጥ የሚቸግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ንግግር ይበዛባቸዋል።

ነገሩ የተጀመረው የጽሕፈት ቤቱ ፒካፕ ተበላሽቶ አቶ ደመቀ በአሮጌው የዘር መጫኛ አይሱዙ ለመጓዝ የተገደዱ ዕለት ነው። መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲወጣ በሩ ይንቀጫቀጫል፣ ወለሉ ያጉረመርማል፣ ሞተሩም እግር ሥር ሆኖ ይጮኻል። በዚያው መሐል የበላይ ኃላፊው ደወሉ።

«ደመቀ፣ ምንድን ነው ይሄ? ወፍጮ ቤት ነህ እንዴ?»

«የለም ክቡር፣ መስክ ላይ ነኝ!»

«አስፈጭተህ ስትጨርስ ደውልልኝ» ብለው ዘጉት።

አቶ ደመቀ አንጀታቸው ተቃጠለ። ወደ ላይ የመዛወራቸው ጉዳይ ያለው በእኚሁ ሰው እጅ ነው፤ ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ደግሞ ወደ ላይ ሲዛወር ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ በማግስቱ የድምፅ ቅነሳ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በጥልቀት ተወያይቶ ጩኸቱ የሚመጣው ከመኪናው መሆኑን በሙሉ ድምፅ አረጋገጠ።

የግዢ ሠራተኛዋ ወለላ «በጀት የለንም» አለች። «ያለው ለኋላው የጭነት መዝጊያ፣ ለስፖንዳው መቆለፊያና ለጭነት ገመድ የተያዘው ብቻ ነው። ያለን ገመድ ደግሞ ተበልቷል፣ በቋጠሮ ነው የተያያዘው።»

«ገመድ ኋላ ነው» አሉ አቶ ደመቀ። «እኛ የምናየው ወደ ፊት ነው።»

ከአዲስ አበባ አንድ ፊቱ እንደ ብር ወረቀት የሚያብረቀርቅ፣ ሌላው ፊቱ እንደ ማስቲሽ የሚጣበቅ ወፍራም የጎማ ሽፋን መጣ። የመኪና ወንበር የሚያለብሰው ሰኢድ ወለሉን፣ በሮቹን፣ የሞተሩን ግድግዳና ጣሪያውን በዚያ ለበጠው፤ በላዩ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ምንጣፍ ደረበበት። በሩን ሲያንኳኩት ፍራሽ የሚያንኳኩ ይመስል ነበር። አቶ ደመቀ ገብተው ዘጉት፤ የአሰላ ገበያ ከነጋሪው፣ ከነባጃጁ ጠፋ። ፊታቸው በራ።

ሾፌሩ ሊበን ብቻ ራሱን አከከ። በእኛ አገር ጭነት መኪና ሕግ አለው፤ ጭነት ላይ የተቀመጠው ሰው የጋቢናውን ጣሪያ ከደበደበ ሾፌሩ ይቆማል። ዕቃ ሲወድቅም፣ ሰው ሲወርድም፣ ጎማ ሲተነፍስም ወሬው የሚመጣው በጣሪያ ነው።

«አለቃ፣ ረዳቴ ቦንሳ ጭነቱ ላይ ሆኖ ቢደበድብ በምን እሰማዋለሁ?»

«ጣሪያ መደብደብ ኋላ ቀር የመረጃ ልውውጥ ነው። ስልክ የለውም?»

«አለው።»

«በቃ! አንተ ግን ጋቢና ውስጥ ስልክህን ታጠፋለህ። ጸጥታውን እንዳትረብሽ።»

ሐምሌ ገባ። ጮሌ ወረዳ ገበሬው ማሳውን አርሶ፣ አለስልሶ ዘር ይጠብቃል፤ ያ ሳምንት ካለፈ ዘሩ ቢደርስም ውርጭ ይቀድመዋል። አይሱዙው ጢም ብሎ ተጫነ፣ ስፖንዳው በዚያው በቋጠሮው ገመድ ታሰረ፣ ቦንሳም ጭነቱ ላይ ወጣ። ጉዞ ተጀመረ።

ከዲክሲስ ከተማ አለፍ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ፣ ቋጠሮው ተፈታ። ስፖንዳው ተከፈተና አንድ ጆንያ ወረደ። ቦንሳ ጣሪያውን በጡጫ ደበደበ። ሌላ ጆንያ ወረደ። በእርግጫ ደበደበ። ለሊበን ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። መንገዱ ሲያነጥር ጆንያው ይከተላል፣ ጭቃው የጎን መስታወቶቹን ለስኗቸዋል። ከታች ጋቢናው ውስጥ አቶ ደመቀ «ሕዝብን ማዳመጥ የልማት ሁሉ መሠረት ነው» የሚለውን ንግግራቸውን ለሊበን እያሰሙት ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሳቸው እንኳ ምንም አልቸኮሉም።

ዳር ያሉ ገበሬዎች የወደቀውን አይተው መኪናውን በሩጫ ተከተሉ። አንዱማ ጆንያ ተሸክሞ ነው የሚሮጠው። መንገዱ ሲጠመዘዝ በመስኮቱ በኩል ታዩ፤ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ አፋቸው ይከፈታል ይዘጋል።

«አየህ ሊበን፣ ሕዝቡ እንዴት እንደሚወደን!» ብለው አቶ ደመቀ እጃቸውን አውለበለቡ።

ሊበን ፍሬን ሊይዝ እግሩን አነሳ። «አለቃ፣ የሆነ ነገር የፈለጉ መሰለኝ።»

«ሰላምታ ነው። ለእያንዳንዱ ከቆምን ጮሌ መቼ እንደርሳለን? ንዳ!»

ጮሌ ሲደርሱ ገበሬው ባዶ ከረጢቱን ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ተሰብስቧል። አቶ ደመቀ ወርደው ንግግራቸውን ሙሉውን አደረጉ። ከዚያ በኩራት ወደ ኋላ ዞሩ። ጭነቱ ላይ ከጥግ የቀሩ ጥቂት ጆንያዎችና እጁ ያበጠ ቦንሳ ብቻ ነበሩ።

«ደበደብኩ! ኧረ ደበደብኩ!» አለ ቦንሳ፣ ድምፁ ተዘግቶ። «ድንጋይ እንኳ ይሰማ ነበር!»

ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋን በሰው በሬ የምታሳርሰው ዘይቱና ወደ ፊት ወጣች። «ኦቦ ደመቀ፣ ሰኚን ኤሳ? ዘሩ የታለ?»

«ስርጭቱ... በከፊል በመንገድ ላይ ተከናውኗል።»

«ማሳዬ ተገልብጦ ዝናብ እየጠጣ ነው። ልጆቼ ከሱ ሌላ የላቸውም። ምን ልዝራበት? ንግግርዎን?»

ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። አቶ ደመቀ ደነገጡ፣ አፈሩም፤ እውነት ለመናገር ለአንድ አፍታ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ጋቢና ገብተው በሩን ዘጉ።

ጸጥ አለ። ውጭ አፎች ይንቀሳቀሳሉ፣ ዘይቱና በመዳፏ መስኮቱን ትመታለች፤ ውስጥ ግን የሚሰማው የራሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነው። ልባቸው ተረጋጋ። ስልካቸው ጠራ።

«ደመቀ፣ ድምፅህ ዛሬ ጥርት ብሏል! ቢሮ ነህ?»

«ሕዝቡ መሐል ነኝ ክቡር።»

«ግሩም! እንዲህ ያለ ሰው ነው ወደዚህ ማምጣት። ስማኝማ፣ እጄ ላይ ጥቂት መጠባበቂያ ዘር አለ። ጮሌ ጎደለኝ የሚል ከሆነ ነገ ይደርስለታል፤ ካልሆነ ለሌላ ወረዳ ልስጠው። ሕዝቡ ምን ይላል?»

አቶ ደመቀ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የዘይቱና መዳፍ ከነጭቃው ዓይናቸው ሥር ነበር። ዘር ጎደለ ካሉ የጎደለበት ምክንያት ሊጠየቅ ነው።

«ክቡር» አሉ፣ «አንድም ቅሬታ አልሰማሁም።» በሥራ ዘመናቸው ከተናገሩት ሁሉ ይህን ያህል እውነት የሆነ ቃል አልነበረም።

«እንግዲያው ለሌላው ሰጠሁት። አንተም ሻንጣህን አዘጋጅ!»

ዘይቱና መምታት ደከማት። ባዶ ከረጢቷን አጣጥፋ በብብቷ ያዘችና በዝናቡ ወደ ማሳዋ መንገድ ጀመረች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት።

«አንድ ነገር ልጨምር ክቡር» አሉ አቶ ደመቀ፣ የሚሄዱትን ገበሬዎች ጀርባ በመስኮቱ እያዩ፤ «ሕዝቡ ጥያቄው ተመልሶለት ወደየቤቱ እየገባ ነው።»