ሥዕሉ የት ደረሰ?

በዚህ ዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራ ሰው ማነው ቢሏችሁ ገበሬው ነው፣ ነጋዴው ነው፣ ወታደሩ ነው እያላችሁ አትድከሙ። ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራው ሌላ ሥራ የሚሸሽ ሰው ነው። አስተማሪ ስለሆንኩ ነገርን ያለ ምሳሌ ማለፍ አይሆንልኝም። ምሳሌው ደግሞ ከሩቅ አይመጣም፤ እኔው ነኝ።

ባለፈው መስከረም ትምህርት ቤት እንደተከፈተ ከአዲስ አበባ አንድ ማስታወቂያ ዲላ ደረሰ። አንድ የሥዕል ማኅበር ከየጠቅላይ ግዛቱ ሥዕል የሚሞክሩ ሰዎችን መርጦ፣ ክረምቱን ሙሉ ማደሪያ፣ ቀለምና ሸራ ሰጥቶ ሊያሠራ ነው። የሚፈለገው ሦስት ሥዕልና ስለራስ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ ጥቅምት ሳያልቅ መድረስ አለበት። እኔ እንግዲህ ሒሳብ እያስተማርኩ በትርፍ ጊዜዬ ሥዕል የምሞነጫጭር ሰው ነኝ። ከሠዓሊ ጋር ተቀምጬ አላውቅም። ሥዕሌን አይቶ "ይህ እጅ ተሰብሯል ወይስ ሲፈጠርም እንዲህ ነው?" የሚለኝ እንኳ የለኝም። ክረምቱን ሙሉ ከሠዓሊዎች ጋር መዋል ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ወዲያው ሥራ ጀመርኩ። ማለቴ… የሥራ ፕሮግራም ማውጣት ጀመርኩ። ፕሮግራም የሌለው ሥራ ልጓም የሌለው ፈረስ ነው እያልኩ ተማሪዎቼን የማሰለች ሰው ለራሴማ እንዴት ልሰንፍ? ሰኞን በቀይ፣ ማክሰኞን በሰማያዊ አሰመርኩ። በጣም ስላማረ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ሲሰቀል ግን ግድግዳው ቆሽሾ ታየኝ። በቆሸሸ ግድግዳ መሃል ደግሞ ሥዕል አይሣልም… ኖራ አምጥቼ ክፍሌን ቀባሁ። የእኔ ክፍል ሲነጣ የአከራዬ የእትዬ በላይነሽ ሳሎን ጠቆረ። እሱንም ቀባሁ።

እትዬ በላይነሽ የሰውን ፊት እንደ ፊደል ገበታ የሚያነቡ ሴት ናቸው። በማግሥቱ በረንዳ ላይ ጎመን እየቀነጠሱ፣

"አስተማሪ፣ ያ ሥዕልህ የት ደረሰ?" አሉኝ።

"ነገ እጀምረዋለሁ።"

"ገና አልጀመርክም?"

"ልጀምር ነው… ግን ያ የዶሮ ቤት በር ለምንድን ነው የማይዘጋው?"

መዶሻ አነሣሁ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ስለ ሥዕሉ ሲጠይቁኝ ዓይኔ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ብጀምረውና ባያምርስ? ያልተጀመረ ሥዕል ምንጊዜም ያማረ ነው። እጄን ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ያሳፍረዋል። አባቶቻችንም ቢሆኑ ከእኔ ጋር ነበሩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብለዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለዋል። የእኔ እንቁላል ግን መስከረም እስኪያልቅ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም።

በዚያ ሰሞን ዲላ ውስጥ እንደኔ ትጉህ ሰው አልነበረም። ፈተና በሰጠሁ ማግሥት አርሜ መለስኩ፤ ተማሪዎቼ ጥያቄዎቹን ገና ሳይረሷቸው ውጤቱ ስለደረሳቸው ተቀየሙኝ። ጎረቤታችን አቶ በራሶም አንድ ቅዳሜ መጡ። ቡናና እንሰት ያላቸው ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣

"አስተማሪ፣ ሥዕሉ የት ደረሰ?" አሉኝ።

ለካ ሥዕል ይወዳሉ ብዬ ተገርሜ ሳላበቃ፣ ራሴን አጥራቸው ሥር ተንበርክኬ እንጨት ስተክል አገኘሁት።

በማግሥቱ የዶሮ ቤቱን ጀርባ እየደፈንኩ ሳለሁ እትዬ በላይነሽና አቶ በራሶ ከአጥሩ ወዲያ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"ሠራልህ አይደል?" አሉ እትዬ በላይነሽ።

"አጥሩን ጨረሰ። በረቱንም ጠረገ። በረቱን ግን እኔ አላልኩትም።"

"አልነገርኩህም? ና እርዳኝ ካልከው ደክሞኛል ይልሃል። ሥዕሉን ጠይቀው፤ ሥራውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል።"

"ሥዕሉ ካለቀስ?"

"አያልቅም፤ አትስጋ።"

ይህ "አትስጋ" አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ከእንግዲህ ለማንም እንዳልታዘዝ ማልኩ። ንዴቴን ለማብረድም መጥረቢያ አነሣሁና የእትዬ በላይነሽን ግንድ ሁሉ ፈልጬ ደረደርኩ።

የትጋቴ ወሬ ዲሬክተራችን ጆሮ ደረሰ። ቢሮ ጠሩኝ።

"የዘውድ በዓል እየመጣ ነው" አሉኝ።

"እንኳን አብሮ አደረሰን።"

"በአውራጃው ገዥ ፊት ንግግር የምታደርገው አንተ ነህ። ትጉሁን ምረጥ ብባል ከአንተ ሌላ ማንን እመርጣለሁ? ረዘም ያለ ይሁን፤ ክብሩ በርዝመቱ ነው።"

የበዓል ንግግር ምን እንደሆነ ለማታውቁ ላብራራ። ችግሩ ንግግሩ ላይ አይደለም፤ ከንግግሩ በፊት ያለው የማዕረግ ስም ላይ ነው። ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል? ቀኛዝማችን ከፊታውራሪ ያስቀደመ አስተማሪ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚያስተምር ራሱም አያውቅም። ወረቀት አወጣሁና "ክቡር ሆይ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልመጣም። ዓይኔን ሳነሣ ጥግ ላይ የተገተረው ባዶ ሸራ እንደ ዘመድ ፈገግ አለልኝ።

እናንተዬ… ያ ሸራ ለመጀመሪያ ጊዜ አላስፈራኝም። ከ"ክቡር ሆይ" አጠገብ ሲታይ እንዲያውም ያሳዝናል። ትንሽ ልጎብኘውና ወደ ንግግሬ እመለሳለሁ ብዬ ተነሣሁ። አልተመለስኩም። ዲላ አጠገብ ያለውን የጪጩን ገበያ በዝናብ ሣልኩት። ሰው ሁሉ የኮባ ቅጠል ራሱ ላይ ደፍቶ ሲሮጥ፣ አንዲት ቅቤ ሻጭ ብቻ ቅጠሏን ለቅቤዋ ሰጥታ ራሷ ትበሰብሳለች።

እትዬ በላይነሽ መጥተው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

"ሥዕሉ የት ደረሰ?"

"እየደረሰ ነው" አልኩ። ዞርም አላልኩ።

በጣታቸው ወደ ጓሮ ጠቆሙ። "የማዕድ ቤቱ በር ተገንጥሏል።"

"አይቼዋለሁ።"

ገብተው ግንባሬን ዳሰሱኝ። "ትኩሳትስ የለህም። ምን ነካህ?"

የንግግሩን ነገር ነገርኳቸው። አገጫቸውን ይዘው ሰሙኝና ቀስ ብለው፣ "ታዲያ ንግግሩ የት ደረሰ?" አሉኝ።

ወዲያው ብሩሼን ቀለም ውስጥ ነከርኩና ሸራው ላይ ተጣበቅኩ። እትዬ በላይነሽ እኔን አዩ፣ ሸራውን አዩ፣ በመጨረሻም በመስኮት የተገነጠለውን በራቸውን አዩ። ነገሩ ገባቸው። በዚያች ደቂቃ "ሥዕሉን ተወውና በሩን ሥራ" ቢሉኝ ኖሮ በደስታ እሠራው ነበር፤ ከንግግር ለመሸሽ በር ምን አነሰው? ሥዕሉም ክረምቱም እዚያው ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን አላሉም። በሩን በገመድ አሰሩት። ከዚያን ቀን ጀምሮም ብሩሼ ቀሰስ ባለ ቁጥር ከጓሮ "ንግግሩስ?" የሚል ድምፅ ይመጣል።

ሁለተኛው ሥዕል አቶ በራሶ ናቸው፤ እንሰታቸው መሃል ቆመው። ሦስተኛው እትዬ በላይነሽ ራሳቸው፤ በገመድ የታሰረውን በር ተደግፈው። ከሁሉ የከበደኝ ስለራሴ የሚጻፈው ገጽ ነበር። እሱም ቢሆን "ንግግሩስ?" በተባልኩ ጊዜ ተንደርድሮ አለቀ። በበዓሉ ዋዜማ አቶ በራሶ ሥዕሎቹ ዝናብ እንዳይነካቸው በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቀለሉልኝ።

"አለቀ?" አሉኝ።

"አለቀ።"

"እንግዲያውስ የቡና ማስጫዬን ራሴ ልሥራ" አሉና ቋጠሮውን አጠበቁት። ፖስታ ቤት ድረስም ተሸክመው ሸኙኝ።

ንግግሩስ? እናንተም እንደ እትዬ በላይነሽ ጀመራችሁኝ። ንግግሩ አልተጻፈም። በበዓሉ ቀን ከእኔ በፊት የተናገሩት ሰዎች የማዕረግ ስም ሲደረድሩ ደመናውም ተደረደረ፤ ስሜ ሲጠራ ካፊያ ጀመረ። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ "ክቡር ሆይ" ብቻ አለ። መድረኩ ላይ ወጣሁ።

"ክቡር ሆይ" አልኩ።

ወደ ሰማይ አየሁ። ሰዉም ተከትሎኝ ወደ ሰማይ አየ።

"እንኳን አደረሰዎት። ዝናቡ እየመጣ ነው።"

ወረድኩ። እንደዚያን ቀን ያለ ጭብጨባ ዲላ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። የአውራጃው ገዥ ወደ መኪናቸው ሲገቡ "ይህ ልጅ ነገር ያውቃል" አሉ ተባለ። ዲሬክተራችን ግን እስከ ገና አላናገሩኝም።

መልሱ የደረሰኝ በፋሲካ ሰሞን ነው። ተመርጫለሁ። መራጮቹ ስለ ሥዕሎቹ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ብለው፣ በገመድ ስለታሰረው በር ግን ብዙ ጽፈዋል። በሩ ነገር አለው ብለዋል። እትዬ በላይነሽ ሳነብላቸው፣ "ነገሩማ ማጠፊያው ነው፤ ዝጎ ነው የተገነጠለው" አሉኝ።

እንግዲህ የምትፈሩት ሥራ ካለ ቆራጥ ሁኑ ብዬ አልመክራችሁም። ቆራጥነት የት እንደሚሸጥ አላውቅም፤ የአካባቢያችን ከተሞች ወናጎና ገደብ ድረስ ገበያ ወጥቼ አላየሁትም። እሾህን በእሾህ ነው። ከዚያኛው የባሰ የሚያስፈራ ሥራ ተቀበሉና አጠገቡ አስቀምጡት። ከተቻለ ደግሞ የራሱን በር በገመድ አስሮ የእናንተን ሥራ የሚጠብቅ ሰው ይኑራችሁ።

ነገ ጠዋት በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ዛሬ ሻንጣዬን ስቆልፍ እትዬ በላይነሽ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

"መስከረም ትመለሳለህ አይደል?"

"እመለሳለሁ እንጂ።"

"ተመልሰህስ ምን ልትጀምር አስበሃል?"

"መጽሐፍ ልጽፍ አስቤአለሁ።"

"ትልቅ ነው?"

"በጣም ትልቅ።"

"ጎሽ" አሉና፣ ዓይናቸውን ቀስ ብለው ወደ ጣሪያው አነሡ። ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር ዝጓል።