ትኩሳት የያዘው ጭድ

የትም አገር ቢሆን፣ ነገር ገና ሳይጀመር «አይሆንም» የሚል ሰው አይጠፋም። የእኛ የሞላሌዎቹ እትዬ ይዘንጋሽ ናቸው። ክብርት እትዬ ይዘንጋሽ የመንገዱን ጠረጋ አይሆንም ብለዋል፣ የመብራቱን ምሰሶ አይሆንም ብለዋል። የእኔንና የእፀገነትን ጋብቻም፣ እዚያው ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ቅልጥም እየጋጡ፣ አይሆንም ብለዋል። ይኸው ወልደን ከብደናል። እሳቸው ግን «ገና ነው፣ ታያላችሁ» ይላሉ።

አምና፣ ጓሯችን ድንጋይ ብቻ ቢሆንብን፣ ጭድ ላይ አትክልት ልናበቅል ተነሳን። የገብስ ጭድ ጠቅጥቀን በገመድ አሰርን፤ ውሃና ጥቂት ዩሪያ እያጠጣን ከውስጥ እንዲበሰብስ ተውነው። እትዬ ይዘንጋሽ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩን ቆዩና፣ የሰው በግ እየተራበ እኛ ጭድ ለጎመን እንደምናበላ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሱ።

ጭድ ሲበሰብስ ይሞቃል። እትዬ ይዘንጋሽ መጥተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና ፈጥነው መለሱት።

«ትኩሳት ይዞታል» አሉ። «ይኼ ጸበል እንጂ ችግኝ አያሻውም።»

ሙቀቱ ሲበርድ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ተከልን፤ እፀገነት ዳር ዳሩን አበባ አደረገችበት። አበባውን ማን ሊበላው እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎመኑ መሞት አለመሞቱን ሳያዩ አያልፉም። አንድ ቀን በጋቸው አጥር ጥሳ አንዱን እስር ከነሰላጣው ጨረሰችው። ይቅርታ ስንጠብቅ፣ የበጌን ሆድ ነፋችሁብኝ ብለው እኛኑ ወቀሱን።

ጥር ሊገባ ሲል ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስንነሳ የጎረቤቱ ድንች ሁሉ ጠቁሮ አድሯል። እየፈራን ወደ ጓሮ ወጣን። ጭዱ ላይ ወፍራም የበግ ጠጉር ባና ተዘርግቶ፣ አመዳይ ነጭ አልብሶታል። ብንገልጠው ጎመኑም አበባውም ደህና ናቸው። ባናውን እናውቀዋለን፤ የእትዬ ይዘንጋሽ ሟች ባል ጋሽ ወሰኔ ያሠሩላቸው ነው፣ ከአልጋቸው ወርዶ አያውቅም።

አድርቄ ወሰድኩላቸው። ነጠላ በነጠላ ላይ ደርበው እሳት ዳር ተቀምጠው ያስነጥሳሉ። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው።

«ውርጭ ቢገድለው፣ ሰው ‹ጭዱስ ይሆን ነበር፣ ውርጭ ነው ያጠፋው› ይላል» አሉኝ። «እኔ የምፈልገው በራሱ እንዲሞት ነው።»

ጎመኑ በራሱም አልሞተም። የመጀመሪያውን ቆርጠን ለእሳቸው ሰጠን። ውሃ ውሃ ይላል አሉና ሁለተኛውን ጠየቁን።

ሰሞኑን ልጃቸው ጽዮን ለሕክምና ደብረ ብርሃን ወስዳቸዋለች። ለክፉ የሚሰጥ አይደለም፤ ግን መመለሻቸው ዘገየ። አዲስ ጭድ አስሬ፣ በዚህ ብርድ ቲማቲም ልሞክር አስቤ ችግኙን አፍልቻለሁ። እፀገነት መትከያው እያለፈ ነው ትለኛለች። እኔ ግን እሳቸው እስኪመጡ አቆይቼዋለሁ።