የአንቱታ መሰላል

አምባገነን ከየት ይመጣል? እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ መልሱንም ከመጽሐፉ እያየሁ አስገለብጣለሁ። የኢኮኖሚ ቀውስ፣ የተሸነፈ ሕዝብ ቁጭት፣ የደከመ ፓርላማ። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፣ ይፈተናሉ፣ ይረሳሉ። መጽሐፉ የረሳው አንድ ምክንያት ግን አለ። እሱን ያገኘሁት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳይሆን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዤ ደረጃ ላይ ቆሜ ነው። አምባገነን የሚወለደው “አንተ” ሲባል የኖረ ሰው “እርስዎ” የተባለ ዕለት ነው።

እንግሊዝኛን ተመልከቱት። ለንጉሡም ለሊስትሮውም ያለው ቃል አንድ ነው፤ ሰው ቢሾምም ቢሻርም ቃሉ ንቅንቅ አይልም። የኛ አማርኛ ግን መሰላል አለው። መውጣቱ ቀላል ነው፤ አንድ ቀን ምላሳችሁ ትንሽ ይዙር እንጂ ሰውየው ላይ ነው። መውረጃውን ግን ማን አስተማረን? ትናንት “ይግቡ፣ ይቀመጡ” ያልነውን ሰው ዛሬ “ግባ፣ ተቀመጥ” የምንለው በየትኛው አፋችን ነው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች።

ሰውየው ተሾመ ይባላል። ወላጆቹ ገና ሲወለድ ሾመውታል ማለት ነው፤ የዘገየው ሥልጣኑ ብቻ ነው። መገናኛ ሴራሚክ ይሸጣል። እኩያዬ ነው፤ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቀን “ኧረ ጠጋ በል!” እየተባባልን ስንት ዘመን ተመላልሰናል። ክፉ ሰውም አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ መች እንመርጠው ነበር?

ነገሩ የተጀመረው በውሃ ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ትመጣለች፤ ስትመጣም እንደ አዛውንት ደረጃ መውጣት ያቅታታል። ስለዚህ ፓምፕ ገዛን። ፓምፕ ቁልፍ አለው፤ ቁልፍ ደግሞ ያዥ ይፈልጋል። ለስብሰባ ተጠራንና “ማን ይያዝ?” ሲባል ሁላችንም የጠፋ ሳንቲም እንደምንፈልግ መሬት መሬት ማየት ጀመርን። ይኼኔ ተሾመ ዘግይቶ ገባ። በአገራችን ስብሰባ ዘግይቶ የገባ ሰው ወይ ይገሠጻል ወይ ይመረጣል። እኛ መረጥነው። “ኧረ እኔ ሥራ ይበዛብኛል” አለ። “በሞትኩት!” አልነው። “እንግዲህ ካላችሁ ለጊዜው ልያዘው” አለ። ዓለምን ካቃጠሉት ሰዎች ስንቱ “ለጊዜው” ብሎ እንደገባ የማስተምረው እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ግን መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

መጀመሪያ ላይማ ደግ አስተዳደር ነበር። ውሃ አራተኛ ፎቅ ደረሰች፤ ባለቤቴ ሻወሩ ሲንጠባጠብ አይታ እልል አለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ቢሉም፣ ያን ጊዜ እየሳቅን ስለነበር አልሰማንም።

ግራውንድ ላይ እትዬ ዘነበች ይኖራሉ። ስማቸው ዘነበች ይሁን እንጂ ፓምፑ ውሃውን ሁሉ ወደ ላይ ስለሚስበው በቤታቸው ጠብታ አልነበረም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገው ሊድሩ ነው፤ ድንኳኑም የሚተከለው ሠርግም ለቅሶም ሲመጣ ሁላችንም በምንተክልበት፣ በእኛና በፊት ለፊቱ ብሎክ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ለጠላው ጥንስስ ውሃ ሲያጡ ከተሾመ በር ላይ ቆመው “አቶ ተሾመ፣ እባክዎ ትንሽ ይክፈቱልኝ” አሉት። ልጃቸው ሊሆን የሚችለውን ሰው! ተሾመም ደንግጦ ከፈተላቸው። ወሬው ከውሃው ቀድሞ ፎቅ ለፎቅ ደረሰ። “እርስዎ” ያለ በርሜሉ ይሞላል፣ “አንተ” ያለ ነገ ይመለሳል ተባለ። ወዲያው ደረጃው በሙሉ “ይኑሩልን፣ ይቆዩልን” ሆነ።

እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝ፤ ጸናሁ። አንድ ቀን ጠዋት ደረጃ ላይ ባዶ ጀሪካን ይዤ እስካገኘው ድረስ ጸናሁ። አፌ በራሱ “እንዴት አደሩ?” አለ። ተሾመም ቁልፉን እያሽከረከረ፣ “ደህና። አንተስ?” አለኝ። እያንዳንዷን ፊደል ሰማኋት። እኔ ወጣሁለት፣ እሱ ባለሁበት ተወኝ። ቀኑን ሙሉ ያቺን “አንተስ?” ስደጋግማት ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ራሱን በብዙ ቁጥር መጥራት ጀመረ። “እኛ ወስነናል” ይላል፤ ዞር ብላችሁ ብታዩ ከሱ በቀር ማንም የለም። ቁልፉን በሪባን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፤ ፊሽካም ገዛ። በመጨረሻ ያ ባዶ ቦታ “ከጥንት ጀምሮ የብሎካችን ርስት ነው” ብሎ አወጀ። ከየትኛው ጥንት? ብሎካችን ራሱ ከልጄ በዕድሜ ያንሳል! እሱ ግን ሰንሰለት ዘረጋና “ከእንግዲህ ድንኳን የሚተከለው በእኛ ፈቃድ ነው” አለ።

ችግሩ የፊት ለፊቱ ብሎክም ቁልፍ ያዥ ነበረው፤ ስሙም ግርማ። የውሃው ዋና መክፈቻ ደግሞ በነሱ በኩል ነው። ሹመትና ግርማ ሲጋፉ ምን ቦታ ይበቃል? ግርማም በሰፈሩ አንቱታ ሲነፋ የከረመ ሰው ነውና “ሰንሰለቱ ካልተነሳ መስመሩን እዘጋለሁ” አለ። ከጀርባችን ያለው ብሎክ በመኪና ማቆሚያ የተነሳ ከኛ ወገነ፤ ከነሱ ጀርባ ያለው ደግሞ ከጀርባችን ያለውን ስለማይወድ ብቻ ከግርማ ወገነ። ከየካ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ካልሆነ በቀር ገለልተኛ የቀረ ነገር አልነበረም።

ይሄኔ ታሪክ ያውቃል ተብዬ ለሽምግልና ተላክሁ። ግርማን ቁጭ አድርጌ “የቦታውን ግማሽ ልቀቅለት፤ ከዚያ ይጠግባል” አልኩት። በስንት ልመና እሺ አለ። እጄን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ “ሰላም ሆኗል!” እያልኩ ተመለስኩ። እትዬ ዘነበች በቀረው ግማሽ ጠበብ ያለ ድንኳን ይበቃኛል ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም። በማግስቱ ስንነሳ ሰንሰለቱ የቀረውንም ግማሽ ውጦ አደረ። ግርማም ውሃውን ዘጋ።

የሚገርማችሁ፣ የዚያን ዕለት ክፍል ውስጥ የደረስኩት ባለ ቁራጭ ሪዙ ሰውዬ ጎረቤት አገር እየቆረሰ ሲወስድ ትልልቆቹ መንግሥታት “ይችን ከሰጠነው ይበቃዋል” ያሉበት ምዕራፍ ላይ ነው። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ “ቲቸር፣ የገዛ ሕዝቡስ ለምን ዝም አለ?” አለችኝ። “ውሃ ፈልጎ ነው” የሚል ቃል አመለጠኝ። ጻፈችው። ፈተና ላይ ከመለሰችው ሙሉ ማርክ እሰጣታለሁ።

የሠርጉ ዋዜማ ደረሰ። የድንኳኑ ባሕር ዛፍ በጋሪ መጥቶ መንገድ ዳር ተከመረ። እንግዳ ተጠርቷል፣ በሬው ታስሯል፣ ውሃ የለም፣ ቦታ የለም። የሁለቱም ብሎክ ሰው ሰንሰለቱን መሐል አድርጎ ተፋጠጠ፤ ገሚሱ ጀሪካን፣ ገሚሱ የድንኳን እንጨት ጨብጧል። ተሾመ ፊሽካውን ነፋ። ከወዲያ ማዶ ግርማ የባሰ ፊሽካ ነፋ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው እንዲሉ፣ ሙሽራዋ መስኮት ላይ ሆና ታለቅሳለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፈራሁ። የዚያች ልጅ ሠርግ በእኔ ሽምግልና ሊቀር ነው አልኩ።

እትዬ ዘነበች ወጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ። ወደ ሰንሰለቱ ሄደው፣ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና አንድ ቃል ተናገሩ፦ “አንተ!”

“አንተ ተሾመ! ይኼን ሰንሰለት ቶሎ አታነሳም?” አሉት። ተሾመ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን እናቱ ያስለመዱት ነገር ነው፤ “እሺ፣ እትዬ” አለ። እሺ ይበልጣል ከሺህ። አፉ እሺ ካለ በኋላ እጁ ምን ያድርግ? ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን ጠቀለለ። ከማዶ ግርማ ፈገግ ሊል ሲዳዳው ሴትዮዋ ዞር ብለው “አንተስ ምን ያስገለፍጥሃል? ሂድ ክፈት!” አሉት። ሄዶ ከፈተ። የዓለም ጦርነት በሦስት አንተና በአንድ እሺ ቀረ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ተሾመ ራሱ ካስማ ሲመታ አመሸ፤ ሠርጉም አማረ።

ከመልሱ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ተሾመ ከአንገቱ ያወለቀው ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ታክሲ አጥቼ ዘግይቼ ገባሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። “ኧረ እኔ ፈተና አርማለሁ” አልኩ። “በሞትኩት!” አሉኝ። ታሪክ የሚያውቅ ሰው ቢይዘው ይሻላል፣ እሱ እንዴት ይሳሳታል ተባለ። እኔም ነገሩ እውነት መሰለኝ። ለጊዜው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ደረጃ ስወርድ ተሾመን አገኘሁት፤ ባዶ ጀሪካን ይዟል። ግድግዳውን ተጠግቶ አሳለፈኝና አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ “እንዴት አደሩ?” አለኝ።

ቁልፉን ጣቴ ላይ አሽከረከርኩት። “ደህና” አልኩት። “አንተስ?”