ትንሽ ዝቅ ይበል

በዓለም ላይ ያለ ሰፈር ሁሉ አንድ መኪና ቆራጭ አለው። ሌባ ማለቴ አይደለም። ጤነኛ መኪናውን፣ ወስዶ የሚመልሰውን፣ ዝናብ የማያስገባውን የገዛ መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው ማለቴ ነው። የእናንተ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ከሌለው ወይ ገና እየመጣ ነው፣ ወይ እናንተው ናችሁ።

የእኛው የሚኖሩት ከግቢዬ ቀጥሎ ነው። በዕድሜ ታናሼ ስለሆኑ ፊት ለፊት ስንገናኝ «አንተ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «ጋሼ» ይሉኛል። በጽሑፍ ግን ለሥራቸው ክብደት ስል «ክቡርነታቸው» ማለትን መርጫለሁ። ሰፈሩ ደግሞ «ትንሽ ዝቅ ይበል» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ከገዛ አፋቸው ነው። መኪናቸውን ዞር ዞር ብለው ያዩና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «አምሯል፤ ግን ትንሽ ዝቅ ይበል» ይላሉ። ባለቤታቸውን እንደ ታናሽ እህቴ ስለማያት ለእሷ ማዕረግ አልጨመርኩም። ከሁለቱ ግን ማዕረጉ የሚገባው ለእሷ ነበር።

መኪናዋ ክቡርነታቸው ሳይወለዱ የተሠራች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ክብ ኮፈንና ጎማ የሚሸፍን ሰፊ ፓራፋንጎ ያላት አሮጊት ናት። መጀመሪያ ስትመጣ ቁምሳጥን የመሰለች ረጅም ነበረች። ባርኔጣ ሳያወልቁ ይገቡባታል። እኔም አንድ ቀን ገብቼባት ባርኔጣዬን ሳላወልቅ ወርጃለሁ። ክቡርነታቸው ግን አይተዋት አይተዋት፣ «ትንሽ ዝቅ ትበል» አሉ።

በመጀመሪያ ከጎማው በላይ የሚያነሳትን ባሌስትራ አስቆረጡ። መኪናዋ መሬት ለመሬት መሄድ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችንን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች እንደ እሳቸው የሚያውቃቸው የለም፤ ለእያንዳንዱ ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ጉብታ ሲደርሱ ባለቤታቸው ትወርዳለች፤ መኪናዋ ክብደት ቀሎላት ከፍ ስትል እሳቸው እንደ ሸርጣን በአግድም ያሻግሯታል፤ ባለቤታቸው ማዶ ላይ ትሳፈራለች። ዳቦ ቤቱ ያለው ከቤታቸው ፊት ለፊት ቢሆንም መሐል ላይ ጉብታ ስላለ በመኪና ሲሄዱ ሦስት ሰፈር ዞረው ነው። ዳቦው ትኩስ ሆኖ ገብቶላቸው አያውቅም።

ቀጥሎ ከጭነት መኪና ላይ የወረደ ሞተር አስገቡባት። ጠዋት ሲያስነሱት የእኔ ቤት ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ እስክስታ ይወርዳሉ። ወለሉ እንደ ካውያ ይግላል። መሪውን አንስተው ሳህን በምታክል ቀየሩት፤ መኪና ለማቆም ሲጠመዝዙ ትግል የገጠሙ ይመስላል። በዚህ ሁሉ መሐል ባለቤታቸው አንድ ነገር ከተናገረች የእሳቸው መልስ የታወቀ ነው፦ «ምቾት የፈለገ ሶፋ ይግዛ!»

እኔ ማንበብ የተማርኩት ፀጉሬ ከሸበተ ወዲህ ነው። አስተማሪ ስላልነበረኝ ያልገባኝን ነገር ዝም ብዬ የማለፍ ልማድ የለኝም። ስለዚህ አንድ ቀን አጥር ላይ ተደግፌ ጠየቅኋቸው።

«እስቲ ንገረኝ፣ መኪና ምንድን ነው?»

«የሚታይ ነገር ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ የሚያደርስ ነገር ይመስለኝ ነበር።»

«አውቶቡስም ያደርሳል» አሉኝ። ሌሊቱን ሳብሰለስለው አደርኩ፤ ሰው ወገቡ እየተቆረጠ የሚወደው ነገር ምን ቢያይበት ነው?

ከዚያ የጣሪያው ነገር መጣ።

ጣሪያ መቁረጥ በዚህ ሥራ ውስጥ የመጨረሻው ማዕረግ ነው አሉ። ምሰሶዎቹን ከመሐላቸው ቆርጦ ማውጣት፣ ጣሪያውን ማውረድ፣ መልሶ መበየድ። ታዲያ ልኩ ሲወሰድ ወንበሮቹ በሙሉ ወጥተው አዲስ ቆዳ ሊለብሱ ወንበር ሰፊው ዘንድ ነበሩ። ክቡርነታቸው ባዶው ወለል ላይ ጃኬታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። አናታቸው ላይ አንድ ጣት ጨመሩና፣ «እዚህ ጋ! እዚህ ጋ ምልክት አድርግ!» አሉ። በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ «አለቃ፣ ወንበሩስ?» ሲላቸው በቦታው ነበርኩ።

«ወንበሩ ይመጣል!»

ወንበሩም መጣ። ሞላው ጠንካራ፣ ስፖንጁ የጠገበ፣ የሚያምር የቆዳ ወንበር። ክቡርነታቸው ተቀመጡበት። አንገታቸው ተጣጥፎ ጉንጫቸው ትከሻቸው ላይ አረፈ።

ተሳሳትኩ የሚል ሰው እዚህ ጋ ተሳሳትኩ ይላል። ክቡርነታቸው ግን የራሳቸውን ወንበር ስፖንጅ አወጡ፤ አልበቃም። ሞላውን አወጡ፤ አልበቃም። በመጨረሻ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው መንዳት ጀመሩ። መንገድ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሰላም ያሉት እየመሰለው አፀፋውን ይመልሳል። ኩሩ የነበሩት ሰውዬ በአንድ ሳምንት ውስጥ በትሕትና ተመሰገኑ።

የፊት መስተዋቱ ደግሞ ጠቦ የፖስታ ሣጥን አፍ አከለ። የትራፊክ መብራት አይታይባቸውም። ባለቤታቸው በመስኮት አንገቷን አውጥታ ወደ ላይ እያየች «በራ!» ስትላቸው ነው የሚነዱት። የእሷን ወንበርም ስፖንጅ ለማውጣት ሞክረው ነበር፤ ወገቧ አልቻለም። ወንበሩ እንዳለ ተመለሰ፤ እሷም እንደታጠፈች ተቀመጠች።

ይህ ሁሉ የቆየው እስከ እህቷ ልጅ ምርቃት ድረስ ነው። ግማሽ ቀን ተቀምጣ ፀጉሯን ተሠርታ መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ስትወርድ ፀጉሯ ትራስ ሆኗል። የዚያን ቀን ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ እህቷ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። ማታውኑ ደጃፋቸው ላይ ስትናገር ሰማሁ።

«ስማኝ፤ ስሞት አንድ ሣጥን ይጠብቀኛል። በሕይወቴ ሌላ ሣጥን ውስጥ አልገባም።»

«ግን እኮ አምራለች...»

«ሲያጌጡ ይመላለጡ!» ብላ በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክቡርነታቸው ለብቻቸው ይነዱ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን የሚያውቁት ከኋላ ክላክስ ሲነፋባቸው ነው።

በዚህ ላይ ልጃቸው ልታገባ ሆነ። አንድያ ልጃቸው ናት። በልጅነቷ በዚያች መኪና አፅም ውስጥ ተቀምጣ በአፏ ሞተር እያስነሳች ነው ያደገችው። ቀኑ ሲቃረብ መጥታ እናትና አባቷን ጎን ለጎን አስቀመጠችና ቃሏን ተናገረች። «የሠርጌ ቀን ሁለታችሁም በዚያች መኪና አብራችሁ እንድትመጡ ነው የምፈልገው። እማዬ በሌላ መኪና ከመጣች አባዬም በዚያው ይምጣ። አንዳችሁ ከፊት አንዳችሁ ከኋላ የሚባል ነገር አልሰማም።»

እናትየዋ፣ «እኔ ቃሌን ተናግሬያለሁ» አለች። አባትየው ተነሥተው ወደ ጋራዡ ሄዱ።

በማግሥቱ ጋራዡ ውስጥ ድምፅ ስላጣሁ ምን ሆነው ይሆን ብዬ ሄድኩ። መሬት ላይ ተቀምጠው መኪናዋን ያያሉ። «ጋሼ» አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጭን ነበር። «ጣሪያውን መልሼ ላንሳው?»

ድሮም የባለቤታቸው ወገን ነበርኩና «አንሳው እንጂ! ይኼ ምኑ ይጠየቃል?» ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ያ የቆየ ጥያቄዬ ቀደመኝ። «ቆይ» አልኳቸው። «መጀመሪያ የምታየውን አሳየኝ።»

«ከቆሙ አይታይም። ይንበርከኩ።»

እኔ በቀላሉ የምንበረከክ ሰው አይደለሁም። ጉልበቴም አይፈቅድም፣ ጠባዬም አይፈቅድም። ክንዳቸውን ይዤ ተንበረከክሁ። ዓይኔን ከጎማው ቁመት ጋር ሳስተካክል አየሁት። ከፊት መብራቱ ተነሥቶ በኮፈኑ ላይ አልፎ፣ በዚያች ዝቅተኛ ጣሪያ ላይ ተንሸራቶ፣ ወደ ኋላ ቀስ ብሎ የሚወርድ አንድ መሥመር ነው። የትም አይሰበርም። ፊደል ስለማመድ አንዷን ሆሄ እጄን ሳላነሳ ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደፈጀሁ ትዝ አለኝ። ይህ ሰው ያንን በላሜራ ጽፎታል።

«እንዳታነሳው!» አልኳቸው።

«ታዲያ ባለቤቴስ?»

ሲቸግረኝ በራሳቸው ቃል ቀለድኩ። «ያው እንደ ልማድህ ነዋ። ወንበሯ ትንሽ ዝቅ ይበል!»

አልሳቁም። ተነሡ። በሩን ከፍተው የእሷን ወንበር ነቀሉና ወለሉን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ከስሯ ገቡና እግራቸው ብቻ ቀረ።

ከስር ሆነው ነገሩኝ። በእሷ በኩል ያለውን ወለል ቆርጠው እንደ ትሪ ጎድጎድ ቢያደርጉት ወንበሩ ሞላውን እንደያዘ ይወርዳል። ሁለት ነገር ግን መንገድ ላይ አለ። አንደኛው ጭስ የሚያወጣው የማርሚታው ቧንቧ በእሷ እግር ስር ነው የሚያልፈው። ወደ እሳቸው ጎን መዞር አለበት፤ ሙቀቱም አብሮ ይዞራል። ሁለተኛው ወለሉ ሲወርድ መሬት ይነካል፤ ስለዚህ መኪናዋ...

እዚህ ላይ ቆሙ።

«መኪናዋ ትንሽ... ከፍ ትበል» አሉ።

እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ በጆሮዬ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ሥራው ከባለቤታቸው ተደብቆ ነው የተሠራው። እሷ በልጇ ልብስ ጉዳይ ስትወጣ ክቡርነታቸውና በያጁ ይቆርጣሉ፣ ስትመለስ ሸራ ያለብሳሉ። የመጨረሻው ልክ ሲደርስ ግን እሷን የሚተካ ሰው ጠፋ። ክቡርነታቸው ይረዝማሉ፣ በያጁ ደግሞ ወፍራም ነው። ዞረው እኔን አዩኝ።

«ቁመታችሁ እኩል ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ የሴት ልክ?»

«ወንበር ፆታ የለውም።»

ገብቼ ተቀመጥሁ። በዚህ አላበቃም። «በሠርጉ ቀን ፀጉሯ ወደ ላይ ተከምሮ ነው የሚሠራው። ሠሪዋን ጠይቄ ልኩን በስንዝር ይዤ መጥቻለሁ» አሉና ከማዕድ ቤት አንዲት ትንሽ ድስት አምጥተው አናቴ ላይ ደፉብኝ። «አሁን አይንቀሳቀሱ።»

በክብር ተቀመጥሁ። ክቡርነታቸው ከስር ገብተው አንድ ነገር ሊያጠብቁ ሲታገሉ፣ ባለቤታቸው የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ ተመልሳ በጋራዡ በር ገባች። ከእግር እስከ ድስት አየችኝ።

«ጋሼ» አለች፣ «ድስቴን ምን ሆነው ነው የደፉት?»

«ፀጉርሽ ነኝ» አልኳት።

ሳትስቅ ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። የእኔን ወገብ፣ በድስቱና በጣሪያው መሐል ያለውን ክፍተት፣ ጎድጎድ ያለውን ወለል አየች። ከዚያ የወዲያኛውን ጎን አየች። እዚያ የታጠፈው ብርድ ልብስ እንዳለ ነው።

«የአንተስ ጎን?» አለች ወደ ወጡት እግሮች።

«የእኔ ደህና ነው» አሉ እግሮቹ።

«አንገትህስ?»

«ለምዶታል።»

«ቧንቧውን ወዴት ወሰድከው?»

ወዴት እንደወሰዱት እየታየ ነው።

«ምቾት የፈለገ ሶፋ ይግዛ አላልክም?»

«ይኸው» አሉ ከስር፤ «ሶፋሽ።»

ድስቱን ከአናቴ ላይ ቀስ ብላ አነሣች፤ በመዳፏ ክፍተቱን ለካችና አንድ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከእሳቸው ጋር ስንት ዘመን እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ። «ሠሪዋን እነግራታለሁ» አለች። «ፀጉሬም ትንሽ ዝቅ ይበል።» ጃንጥላዋን ረስታ ሄደች።

በሠርጉ ቀን አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ነበር። የመኪናዋ ድምፅ የተሰማው ገና ከማዶ ነው። ባለቤታቸው ቀጥ ብላ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ፀጉሯ እንዳማረ ወረደች። ልጃቸው ሙሽርነቷን ረስታ ሮጣ አቀፈቻት። እሳቸው በላብ ርሰው፣ ቀኝ እግራቸው ላይ ያለውን ትኩስ ጫማ እያራገፉ፣ አንገታቸውን ወደ እሷ እንዳዘነበሉ ወረዱ። ፎቶግራፉ የተነሣው ያኔ ነው፤ አሁን ምርቃቱ ላይ ከተነሣው ጎን ተሰቅሏል። የሚያየው ሁሉ፣ «ሚስቱን እንዴት እንደሚያዳምጣት እይ!» ይላል። እኔ የጣሪያው ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ሙሉ በሙሉ የጣሪያው መሆኑን ግን አልምልም።

እንግዲህ ስለ ጎረቤቴ ያለኝን ተናግሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ያ ወንበር የተለካው በእኔ ነው፤ በዓለም ላይ በእኔ ልክ የተሠራ ሌላ ነገር የለኝም፣ ጫማዬ እንኳ ይጠብበኛል። እሁድ እሁድ እሷ ልጇ ቤት ስትሄድ ክቡርነታቸው ደጃፌ ላይ ክላክስ ይነፋሉ። «ምነው አንተ ሰው፣ ሰውን አታሳርፍም?» ብዬ እጮኻለሁ፤ የምጮኸው ግን ኮቴን ለብሼ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነው።

መብራት የማየቱ ሥራ አሁን የእኔ ነው። አንገቴን በመስኮት አወጣለሁ።

«ጋሼ፣ በራ?»

«ገና ነው» እላቸዋለሁ።

በርቷል። ግን ከማዶ አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ገና አላዩንም።